በሻርቫር ግንብ ያዳመጥሁት የታማሽ ናዳሽዲ የድምፅ ትረካ

በምዕራብ ሀንጋሪ የሚገኘውን የሻርቫርን ባለ አምስት ማዕዘን ግንብ ስጎበኝ በስልክ የሚደመጥ የድምፅ ትረካ ገዝቼ ነበር። ባለታሪኩ ታማሽ ናዳሽዲ (እ.ኤ.አ. 1498–1562) በቦሎኛ የተማረ ባላባትና ዲፕሎማት ሲሆን፣ ግንቡን ያገኘው ኦርሾያ ካኒዣይን በማግባቱ ነው። ትረካው ዋጋውን ያወጣል፤ ሆኖም የሰውየውን ትልቁን ሥራ በችኮላ ማለፉ አሳዝኖኛል።

ወደ ታላቁ አዳራሽ የገባ ጎብኚ ዓይኑ ወዲያው ወደ ጣሪያው ያቀናል። በ1653 የተሣሉት ጦርነቶች ግን የታማሽ ሳይሆኑ የልጁ የፌሬንትስ ናቸው፤ ያለ አስረጂ የመጣ ሰው አባትየውም በሰይፍ የኖረ ሊመስለው ይችላል። ተራኪው ይህን ስሕተት ገና በመግቢያው ማረሙ ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ነገር ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ንጉሥ ላዮሽ 2ኛ በኦቶማን ጦር ላይ እርዳታ እንዲለምንለት ናዳሽዲን የጀርመን መሳፍንት ወደሚሰበሰቡበት የሽፓየር ጉባኤ ልኮት ነበር፤ እርሱም ገና ሳይመለስ በ1526 የሀንጋሪ ጦር በደቡብ ሀንጋሪ ባለችው በሞሃች ተደምስሶ ንጉሡም ሞተ። የላከው ንጉሥ የሌለበትና ዙፋኑ ለሁለት ተቀናቃኞች፣ ለሀብስቡርጉ ፈርዲናንድና ለሀንጋሪው ባላባት ለያኖሽ ሳፖያይ፣ መፋለሚያ የሆነበት አገር ተቀብሎ ያገኘው ይህ መልእክተኛ ምን እንዳደረገ በሰፊው መተረክ ሲገባው በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ታልፏል። ፈርዲናንድን ደግፎ፣ በ1529 በዋና ከተማዋ በቡዳ በኦቶማኖች ተማርኮ ለሳፖያይ ከተሰጠ በኋላ ወገን መቀየሩ፣ ኋላም ወደ ፈርዲናንድ መመለሱ እንደ ተራ ወላዋይነት መቅረቡን አልተቀበልሁትም፤ ሁለት ነገሥታት በሚሻሙበት አገር ርስትንና ሕዝብን ይዞ መቆየት ብርቱ ብልኀት ይጠይቃልና። በ1554 ከንጉሡ ቀጥሎ ያለውን የፓላቲን ሹመት ማግኘቱም ተመልሶ ምን ያህል እንደታመነ ያሳያል።

ስለ ማተሚያ ቤቱ የሚናገረው ክፍል ግን እጅግ ግሩም ነው። ናዳሽዲ ባቋቋመው ማተሚያ የሊቁ የያኖሽ ሲልቬስተር ሰዋስው በ1539፣ በሀንጋሪኛ የተረጎመው አዲስ ኪዳን ደግሞ በ1541 ታትመዋል። ቡዳ በኦቶማን እጅ በወደቀችበት በዚያው ዓመት እዚህ የሕዝቡ ቋንቋ በፊደል ሲለቀም እንደነበር ተራኪው ረጋ ባለ ድምፅ ሲያስረዳ፣ ባለሁበት ቆሜ ክፍሉን ደግሜ አዳመጥሁት። ባልና ሚስቱ በሀንጋሪኛ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎችም በአግባቡ ተነሥተዋል፤ ብቸኛ ልጃቸው ከ20 ዓመት ገደማ ጋብቻ በኋላ በ1555 መወለዱን ሲሰሙ የጣሪያው ሥዕል ሌላ ትርጉም ይሰጣል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው የሞሃችን ታሪክ አስቀድሞ ቢያነብ ትረካው የዘለለው ይሟላለታል፤ የማተሚያ ቤቱን ክፍል ደግሞ ከአዳራሹ ወጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ቢያዳምጠው እመክራለሁ።