የደረቀ አበባ ላላችሁ፦ የሳሪሱ አትክልተኛ

በቅድሚያ ጉዱን ልንገራችሁ፤ ልጁ ቀጠሮ አያከብርም። ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ከሰዓት ይመጣል። ይሄ የሚያናድዳችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እኔ ግን ደግሜ እጠራዋለሁ።

ሳሪስ መንገድ ዳር ችግኝ ይሸጣል። ከጠሩት ደግሞ መቀሱንና መኮትኮቻውን ይዞ ቤት ድረስ ይመጣል። የተከራየነው ቤት በጋውን ሙሉ ተዘግቶ ስለከረመ ግቢው ውስጥ ቅጠል የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በሩ ላይ ያለውን ቡገንቪላ ዘበኛው ለማገዶ አስቦታል። አከራያችንም "ነቅላችሁ ጣሉት" ብለውናል። ችግኝ ሻጭ ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ "ሁሉም ሞቷል፣ አዲስ ግዙ" ይለኛል ብዬ ነበር።

አላለም። ከግንድ ግንድ እየዞረ ልጡን በጥፍሩ ጫር ጫር ማድረግ ጀመረ። "ማዘር፣ ይቺን እይልኝማ" አለኝ። (ማዘር ያለኝን ይሁን ብዬ አለፍኩት።) ከደረቀው ልጥ ሥር ስስ አረንጓዴ ነገር አለ፣ ሲነኩት ይረጥባል። "ይቺ አልሞተችም።" ከፍ ብሎ ሲጭር ግን ቡናማ ነው፤ ጎንበስ ሲያደርጉት እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭ ይላል። እየጫረ ወደ ታች ይወርድና አረንጓዴው የሚጀምርበትን ያገኛል። ከዚያ ወደ ውጭ ከዞረ ዓይን (አዲስ ቅርንጫፍ ከሚወጣባት እብጠት) ትንሽ ከፍ ብሎ በሰያፍ ይቆርጣል። ወደ መሃል የዞረው ላይ ከቆረጠ አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ውስጥ ገብቶ ይተፋፈጋል፣ አየር አያገኝም።

ከጽጌረዳዎቹ አንዷ ከግርጌዋ ለምለም ቀንበጥ አውጥታ ነበር። ደስ ብሎኝ ሳሳየው "እሱማ ዱሩ ነው" ብሎ ነቀለው። የተዳቀለች ጽጌረዳ ናት፤ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተቀጥላ ያደገች ማለት ነው። ከተዳቀለችበት ቦታ በታች የሚወጣውን ዝም ካሉት የላይኛዋን ምግብ ቀምቶ ያስቀራታል።

ፖት ውስጥ ያሉትን ከላይ ውሃ አላጠጣቸውም። ሳፋ ሞልቶ ከነፖታቸው ነከራቸው። አፈሩ ክው ብሎ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም፤ ከላይ ብታፈሱበት በፖቱ ጠርዝ ወርዶ በታች ይወጣል፣ ሥሩ ጋ ሳይደርስ። እውነትም ሳፋው ውስጥ ለብዙ ደቂቃ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ቆየ። ዝም ሲል አውጥቶ ጥላ ውስጥ ደረደራቸው። ዩሪያ ማዳበሪያ ላድርግበት ወይ ብዬ ስጠይቀው "ቅጠል ሳታወጣማ አይሆንም፣ ሥሯን ታቃጥያታለሽ" አለኝ።

የጥብስ ቅጠሉን ማዳን አልቻለም። ከአሮጌው እንጨት ላይ አያቆጠቁጥም አለና ጫፍ ላይ የቀረችውን አንዲት አረንጓዴ ቀንበጥ ቆርጦ አሸዋ ውስጥ ተከላት። የወደድኩለት ይሄን ነው፤ የማይድነውን አይድንም ይላል።

የማማርረው በአፈሩ ነው። ምርጥ ጥቁር አፈር ብሎ በጆንያ ያመጣልኝ ዋልካ ሆኖ ተገኘ። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ፖት ውስጥ ለብቻው ከገባ ሥር ያፍናል። ስነግረው አልተከራከረም፣ አሸዋና የተብላላ ፍግ ቀላቀለበት። የፍጉን ግን አስከፈለኝ! አፈር ከሌላ ቦታ ግዙ፣ ከምሬ ነው።

አሁን ቡገንቪላው ከሁሉም ቀድሞ አቆጥቁጧል። አበባ የሚይዘው አዲስ በበቀለው ላይ ስለሆነ መቆረጡ ጠቅሞታል፤ ዘበኛው ማገዶውን ሌላ ቦታ ይፈልግ። ጽጌረዳዎቹም ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል አውጥተዋል። አንዷ ገና ዝም ብላለች፣ ግን ግርጌዋ ሲጫር አረንጓዴ ነው፤ አልነቀልናትም።

ዋጋውን ከነባጃጁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔን ያስከፈለኝ ሁለት አዲስ ጽጌረዳ ከነፖታቸው ከሚገዙበት አይበልጥም። ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ጥሩት፤ ክረምት ከጀመረ ሰው ሁሉ ችግኝ ስለሚፈልግ ከመደብሩ አይነቃነቅም።