ፕሮጀክት ጉተንበርግ፦ ፋይሎቹ ይቆያሉ፤ አራሚዎቹስ?

ማይክል ሃርት በ1971 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተይቦ የጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍትን ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ ይሰጣል። መሥራቹ በ2011 ቢያርፍም ሥራው አልተቋረጠም። በበጎ ፈቃድ ከሚሠሩ አገልግሎቶች ይህን ፈተና ያለፈው ጥቂቱ ነው።

ዕድሜ የሰጠው ተራ የቴክስት ፋይል ነው፤ ልዩ ፕሮግራም ሳያስፈልገው የትኛውም ኮምፒውተር ይከፍተዋል። ጉዳትም አለው። የቀድሞዎቹ ፋይሎች በአስኪ (ተራ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ብቻ በያዘ የኮምፒውተር ኮድ) ብቻ ስለተተየቡ ከፈረንሳይኛ ቃላት ላይ ምልክቶቹ ተገፈዋል፤ ከየትኛው እትም እንደተገለበጡም ብዙዎቹ አይናገሩም። ለማንበብ ይበቃሉ፤ ለጥናት ለመጥቀስ ግን ከመጽሐፉ ስካን ጋር ሳያመሳክሩ ባይነኳቸው ይሻላል።

አዳዲሶቹ በእጅጉ ይሻላሉ። አብዛኞቹ የሚመጡት በ2000 ከተቋቋመው የበጎ ፈቃደኛ አራሚዎች ድረ ገጽ፣ ከዲስትሪቢዩትድ ፕሩፍሪደርስ ነው። የገጹ ምስልና ኦሲአር (ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም) ያነበበው ጽሑፍ በአንድ ስክሪን ይቀርባሉ፤ ሦስት ዙር እርማት፣ ሁለት ዙር ቅርጽ ማስያዝ ይከተላል፤ በመጨረሻ አንድ ሰው ገጾቹን ወደ አንድ መጽሐፍ ያዋህዳል። ሦስት ዙር የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ኦሲአር የእንግሊዝኛውን ፊደል ኤች (h) ቢ (b) ብሎ ሲያነብ፣ ለምሳሌ he የሚለውን be ሲያደርገው፣ የሚወጣው ቃል ራሱ ትክክለኛ ቃል ስለሚሆን የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ያልፈዋል። የሚይዘው የሰው ዓይን ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያው ዙር ለማንም ክፍት ሲሆን የኋለኞቹ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ሥራው መጨረሻው አካባቢ ይከማቻል። ከሰርቨር ወጪ ይልቅ የሚያሰጋው የእነዚህ ልምድ ያላቸው አራሚዎች ማነስ ነው።

ሁለተኛው ሥጋት ሕግ ነው። መጻሕፍቱ የሚመረጡት በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ብቻ ነው። በጥቂት ደራስያን ሥራዎች የተነሣ አንድ የጀርመን ፍርድ ቤት በ2018 ከወሰነ በኋላ ድረ ገጹ ለጀርመን አንባቢ በሙሉ ተዘግቶ እስከ 2021 ቆይቷል።

ስለዚህ ስብስቡን ለትምህርት ቤት ወይም ለማኅበር የሚፈልግ የራሱን ቅጂ ይያዝ። ከዋናው ድረ ገጽ በሮቦት (በራሱ በሚያወርድ ፕሮግራም) ማውረድ ክልክል ነው፤ የኮምፒውተርዎ የኢንተርኔት አድራሻ ይታገዳል። የተፈቀደው መንገድ ከሚረር ሰርቨሮች (የስብስቡን ሙሉ ቅጂ ከያዙ ሌሎች ሰርቨሮች) አርሲንክ በተባለው የፋይል መቅጃ ፕሮግራም መቅዳት ነው፤ ከመጀመሪያው ቅጂ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ያመጣል። የመሰረዣ ትእዛዙን ግን አይጨምሩ፤ ከምንጩ የተነሣ መጽሐፍ ከእርስዎም ዲስክ ይጠፋል።