በሻንጣ የሚመጣው የዓሣ ዘይት እንክብል

እህቴ ከሜሪላንድ በመጣች ቁጥር ከሻንጣዋ ሳይወጣ የማይቀር አንድ ዕቃ አለ፤ እሱም ለአባታችን የምታመጣላቸው ባለ 200 ፍሬ የዓሣ ዘይት ብልቃጥ ነው። አባታችን የደም ግፊትም ኮሌስትሮልም አለባቸው፤ እንክብሉንም ለአራት ዓመታት በየማለዳው ከቁርስ ጋር ሲወስዱ ኖረዋል። ዘንድሮ ግን ሐኪም ያዘዘላቸውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ካቆሙ ወራት እንደተቆጠሩ በአጋጣሚ ሰማሁ። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው «ልጄ የላከችልኝ ይበቃኛል፤ ይሄኛው እኮ የተፈጥሮ ነው» አሉኝ። ይህን ግምገማ የጻፍሁት ከዚያ ቀን በኋላ ብልቃጡን ፊቴ አስቀምጬ ቃል በቃል ካነበብሁትና ስለ ዓሣ ዘይት የተደረጉ ዋና ዋና ጥናቶችን ከተመለከትሁ በኋላ ነው።

እንክብሉ ከባቄላ ፍሬ የሚተልቅ በመሆኑ ለአረጋዊ ጉሮሮ አይመችም። አንዱን በመርፌ ወግቼ ማንኪያ ላይ ጨመቅሁት። ከአዲሱ ብልቃጥ የወጣው ዘይት ወርቅማና ሽታው እምብዛም የማይሰማ ሲሆን፣ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከከረመው ከአምናው ብልቃጥ የወጣው ግን ገምቷል። የዓሣ ዘይት በሙቀት፣ በብርሃንና በአየር ቶሎ ይበላሻል፤ ሽፋኑ ደግሞ ሽታውን አፍኖ ስለሚይዘው የሚውጠው ሰው መበላሸቱን አያውቅም። እናታችን በበኩላቸው ማናችንም ያላሰብነውን ጥያቄ አነሱ፦ «ዘይቱስ የዓሣ ነው፤ ሽፋኑ የምንድን ነው?» የብልቃጡ ጀርባ ጌላቲን ይላል እንጂ ከየትኛው እንስሳ እንደተሠራ አይናገርም፤ ጌላቲን ግን ከከብትም፣ ከአሳማም፣ ከዓሣም ይሠራል። ይህ ለጿሚም ሆነ ለሙስሊም ትንሽ ነገር ስላልሆነ አምራቹ በግልጽ ሊጽፈው ይገባ ነበር።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የቁጥሩ ነገር ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው 1000 ሚሊ ግራም የዘይቱ ክብደት ነው። ለልብ ይጠቅማሉ የሚባሉት የሁለቱ ኦሜጋ 3 ቅባቶች መጠን የሰፈረው ግን ከኋላ በደቃቅ ፊደል ነው፦ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120፣ በድምሩ 300 ሚሊ ግራም ብቻ። ከቀይ የልብ ሥዕል ጎን «የልብን ጤና ይደግፋል» የሚል ቃል አለ፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ይህ አባባል በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዳልተገመገመ፣ ምርቱም ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስም ሆነ ለመከላከል የተዘጋጀ እንዳልሆነ ተጽፏል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ እንደ ዓሣ ዘይት ያሉ የምግብ ማሟያዎች አምራቾች እንደ መድኃኒት አምራቾች ከሽያጭ በፊት የምርታቸውን ፈዋሽነት እንዲያስመሰክሩ አያስገድዳቸውም። አባታችን እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ያዩት ልቡን ብቻ ነው።

ጥናቶቹስ ምን ይላሉ? በአሜሪካ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበትና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ይፋ የሆነው ቫይታል የተባለው ጥናት፣ ከአባታችን እንክብል ሦስት እጥፍ ያህል ኦሜጋ 3 የያዘ የዓሣ ዘይት ከአምስት ዓመት በላይ በየቀኑ የወሰዱ ሰዎችን ባዶ እንክብል ከወሰዱት ጋር አነጻጽሮ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና በልብ በሽታ መሞት ተደምረው ሲታዩ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በእንግሊዝ አገር 15,480 የስኳር ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናትም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ውጤት አሳየ። ሪዱስ ኢት የተባለው ጥናት ግን ጥቅም አግኝቷል፤ ሆኖም የተሰጠው በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ የተጣራ ኢፒኤ በቀን 4 ግራም ሲሆን፣ የወሰዱትም ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ቅባታቸው ከፍ ያለና ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የቀጠሉ ሕሙማን ነበሩ።

ለአባታችን በአማርኛ ያስረዳኋቸው ግን በአውሮፓውያኑ 2022 የወጣውን ጥናት ነው፤ ምክንያቱም የእሳቸውን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው እሱ ነው። 190 ሰዎች ለ28 ቀናት ሲፈተኑ፣ 5 ሚሊ ግራም ብቻ የሆነ ሮሱቫስታቲን የተባለ ስታቲን መጥፎውን ኮሌስትሮል 38 ከመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ የዓሣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀረፋና እርድ ካሉባቸው ስድስት ማሟያዎች አንዱም እንኳ ከባዶ እንክብል የተሻለ ቅናሽ አላመጣም። አባታችን «እርድም?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ።

ጉዳትም አለው። ኦሜጋ 3 መጠኑ ከፍ ሲል ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለውን የልብ ምት መዛባት እንደሚያበዛ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል፤ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ ሳይናገር ሊጀምረው አይገባም። ዓሣ የማይበላ ሰው እንደ ተጨማሪ ምግብ ቢወስደው አልቃወምም፤ ለልብ በሽታ መከላከያ ብሎ ለሚገዛው ግን አልመክርም፣ እኔም ዳግም አላስመጣም።

ለእህቴ በስልክ ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ አራት ዓመት ሙሉ ከደመወዟ እየቆጠበች የገዛችው ነውና አልፈረድኩባትም። አባታችን ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው፣ ደማቸው ተመርምሮ መድኃኒታቸውን እንደገና ጀምረዋል። እህቴም ለመጪው ፋሲካ ስትመጣ በብልቃጡ ፋንታ ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ ይዛ እንደምትመጣ ነግራናለች።