እማዬን ሕክምና ለሚያመላልሰው የባጃጅ ሹፌር ምስጋና፣ ለሐዋሳ ልጆች ደግሞ ጥቆማ

ሐዋሳ ውስጥ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ታማሚ ቤታችሁ ያለ ይህቺን አንብቡልኝ። እማዬ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዛትም። ለፊዚዮቴራፒ የምትመላለሰው በባጃጅ ነው። ዊልቸር ሲያይ ጥሎ የሚሄድ አለ፣ የኮንትራቱን ዋጋ እጥፍ አድርጎ የሚጠራም አለ። ይሄ ልጅ ግን ሌላ ነው።

ገና እንደመጣ ያናገረው እኔን ሳይሆን እሷን ነው። "ማዘር፣ የትኛው ጎንዎ ነው የሚበረታው?" (ማዘር መባል አትወድም፤ ለእሱ ግን ትፈቅዳለች።) ቀኙ ነው ስትለው መቀመጫው በቀኟ በኩል እንዲሆን ባጃጁን አዙሮ አቆመ። የጎን ሸራውን ጠቀለለ፣ የዊልቸሩን ፍሬን ያዘ፣ የእግር ማሳረፊያውን ወደ ጎን መለሰ። ክንዷን አልጎተተም፤ ወገቧን ደግፎ በደህናው እግሯ እንድትቆምና ዞራ እንድትቀመጥ ታገሳት። ፊዚዮቴራፒስቷም የነገረችን ይህንኑ ነው፤ ስትሮክ ያደከመው ትከሻ በክንድ ከተሳበ ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። የት ተማርከው ብለው "አያቴን ሳነሳ ሳስቀምጥ ነው ያደግኩት" አለኝ።

ዊልቸሩን አጥፎ ከኋላ ያስረዋል፣ ኮብልስቶኑ ላይ እንቁላል የጫነ ነው የሚመስለው። በነጻ አይሠራም፣ መሥራትም የለበትም፤ ቤንዚን በሰልፍ ነው የሚገኘው። የሚጠይቀን ግን ማንንም የሚጠይቀውን ነው። ሰልፍ የሚይዘው ከሆነም ማታውኑ ደውሎ ይናገራል።

ሌላው ፈተና የሕክምናው ግቢ በር ነው። ባጃጅ አይገባም። ሁሉም ቢገባ አምቡላንስ መተላለፊያ ያጣል፣ ይገባኛል። ግን ከበሩ እስከ ክፍሉ ያለው መንገድ ጠጠር ነው፣ የዊልቸር የፊት ጎማ ይቀበርበታል። ልጁ አልተጨቃጨቀም። ወርዶ የቀጠሮ ካርዷን አሳየና "አድርሼ ወዲያው እወጣለሁ" አለ። ጥበቃውም እግዜር ይስጠው፣ አሁን ከሩቅ ሲያየን ሰንሰለቱን ያወርድልናል።

ባለ መኪኖች ግን እባካችሁ! በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ አንቀጽ 36 ላይ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚሆን መግቢያ ይኑረው ብሏል። እኛ የምንሄድበት መግቢያው ተሠርቷል፤ አፉ ላይ ፒክአፕ ቆሞበታል። "አምስት ደቂቃ ነው" ብላችሁ የምታቆሙባት ቦታ ለሌላው ብቸኛ መግቢያው ናት።

ሹፌሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ታቦር ሰፈርም አቶቴ ሰፈርም ይመጣል። ጠዋት ተማሪ ስለሚያደርስ ከ2፡30 በፊት አትቅጠሩት። ስትደውሉም ዊልቸሩ የሚታጠፍ መሆን አለመሆኑን ቀድማችሁ ንገሩት፤ የማይታጠፈው ባጃጅ ላይ አይጫንም።