ኮንቴሳ 32 በሞገድ ሚዛን ስትለካ

ባለ ሸራ ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጀልባዋን የሚጎበኛት ወደብ ላይ ታስራ፣ ውኃው ረግቶ ሳለ ነው። በዚያ ሰዓት ዓይን የሚስበው የካቢኑ ስፋት፣ የአልጋው ብዛትና በመስኮት የሚገባው ብርሃን ነው፤ ጀልባዋ መሐል ባሕር ላይ በጎኗ ስትመታ ምን እንደምትሆን የሚያሳይ ነገር ወደቡ ላይ የለም። ኮንቴሳ 32 በእንዲህ ዓይነቱ ጉብኝት ብዙ ተፎካካሪዎቿ የሚበልጧት ጀልባ ናት። ይህ ግምገማ የሚለካት ግን በሞገድ ስለሆነ፣ ደረጃውም ይገለበጣል።

ጀልባዋን የነደፈው እንግሊዛዊው ዴቪድ ሳድለር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው ሊሚንግተን የጄረሚ ሮጀርስ ድርጅት ከ700 በላይ አምርቷል። ርዝመቷ 9.75 ሜትር፣ ስፋቷ 2.9 ሜትር ሲሆን ከውኃው ወለል በታች 1.68 ሜትር ትጠልቃለች። ክብደቷ 4.3 ቶን ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 2 ቶን ያህሉ ኪል በሚባለው፣ ከሆዷ ሥር ወደ ታች በሚወርደው ክንፍ ውስጥ የተቀመጠ እርሳስ ነው። ከጠቅላላው ክብደት 47 በመቶ የሚሆነው በዚህ መልኩ ወደ ታች ተሰብስቧል ማለት ነው። ስለዚህች ጀልባ የሚነገረው ደግም ሆነ ክፉ ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ከእነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ነው።

ትንሽ ጀልባን ለአደጋ የሚያጋልጠው የሞገድ ቁመት ብቻ አይደለም። ቁመቱ ስምንት ሜትር የሆነ፣ ነገር ግን ርዝመቱ ሁለት መቶ ሜትር የሚደርስ ሞገድ ጀልባዋን ቀስ ብሎ አንሥቶ ቀስ ብሎ ያወርዳታል፤ የሚያስፈራው ጫፉ የሚሰበረው ነው። በጥልቅ ውኃ ላይ የሞገድ ቁመት ከርዝመቱ አንድ ሰባተኛ ሲደርስ ጫፉ መቆም ተስኖት ወደ ፊት ይፈርሳል፤ ባሕሩ ጥልቀት ሲያጣ፣ ወይም ነፋስና የባሕር ጅረት ፊት ለፊት ሲገናኙ ሞገዱ አጥሮ ቀጥ ስለሚል እዚያ ልክ ላይ ቶሎ ይደርሳል። በሁለት ተከታታይ ጫፎች መካከል 8 ሴኮንድ ካለ፣ ሞገዱ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሲሰበርም ጫፉ ላይ ያለው ውኃ በዚሁ ፍጥነት ይወረወራል። የኮንቴሳ ልማዳዊ የፍጥነት ጣሪያ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሮጦ ማምለጥ የሚባል ነገር የለም። ይህ ውኃ ጎኗን ሲያገኝ የላይኛውን አካል ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ ኪሉ ግን ከታች ብዙም በማይንቀሳቀስ ውኃ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ጀልባዋም በሁለቱ መካከል ትዞራለች።

በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የዎልፍሰን ክፍል በሞዴል ጀልባዎች ላይ ያደረጋቸው ሙከራዎች ለዚህ መለኪያ ሰጥተዋል፦ የሚሰበረው ሞገድ ቁመት የጀልባዋን ርዝመት 30 በመቶ ሲያህል አንዳንዶቹን መገልበጥ ይጀምራል፤ 60 በመቶ ሲደርስ ደግሞ በጎን ያገኛቸውን ሁሉ ገልብጧል። ለኮንቴሳ ሲሰላ የመጀመሪያው 3 ሜትር አካባቢ፣ ሁለተኛው ከ6 ሜትር ትንሽ ያነሰ ይሆናል። እንግዲህ ይህች ጀልባ አትገለበጥም ብሎ የሚሸጥ ሰው ካለ እውነቱን አልተናገረም። ተገቢው ጥያቄ ከተገለበጠች በኋላ ምን ያህል ጊዜ ተገልብጣ ትቆያለች የሚለው ነው፤ ኮንቴሳ ከሌሎች የምትለየውም እዚህ ላይ ነው።

በስፋቷ የምትረጋ ጀልባ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሆኖም ስፋት ጀልባን የሚያስረው ከውኃው ወለል ጋር ነው። ወለሉ በሞገድ ምክንያት 40 ዲግሪ ካዘነበለ እርሷም አብራው ታዘነብላለች። አንዴ ከተገለበጠች ደግሞ ያው ስፋት ተገልብጣ እንድትረጋ ያደርጋታል፤ እንደ ትሪ በጀርባዋ ተኝታ ትንሳፈፋለች። ጠባብና ከታች የከበደችው ኮንቴሳ በአንጻሩ ከ150 ዲግሪ በላይ ብትዞርም እንኳ ወደ ቀናው አቋሟ የመመለስ ኃይል አላት፤ ማለትም ተገልብጣ የምትረጋበት ማዕዘን እጅግ ጠባብ ስለሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ሞገድ ሊያስነሣት ይችላል። በዚያው ዘመን ለውድድር ከተሠሩት ቀላልና ሰፋፊ ጀልባዎች መካከል ይህ ልክ 120 ዲግሪ ሳይደርስ የሚያበቃባቸው ነበሩ።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 በተካሄደውና ሌሊት ላይ ኃይለኛ ማዕበል በመታው የፋስትኔት የባለ ሸራ ጀልባዎች ውድድር ከተነሡት 303 ጀልባዎች ፍጻሜው ላይ የደረሱት 86 ብቻ ነበሩ፤ 15 ተወዳዳሪዎችም ሞቱ። ከትናንሾቹ ጀልባዎች ምድብ ውድድሩን የጨረሰችው ብቸኛ ጀልባ አሴንት የምትባል ኮንቴሳ 32 ነበረች። አንድ ጀልባ ስለ ሁሉም እኅቶቿ መመስከር አትችልም፤ የባሕረኞቹም ብቃት የራሱ ድርሻ አለው። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ሌላው የዚያ ሌሊት ቁጥር ነው፦ ባሕረኞቻቸው ጥለዋቸው ከወጡት 24 ጀልባዎች የሰመጡት 5 ሲሆኑ የቀሩት 19 በኋላ ተንሳፍፈው ተገኝተዋል፤ ወደ ሕይወት አድን ታንኳ ከተሻገሩት ሰዎች መካከል ግን ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። ጀልባዋ እስካልሰመጠች ድረስ ውስጧ መቆየት እንዲቻል ከተፈለገ፣ ውስጧ ያለው ነገር ሁሉ ተገልብጦም በቦታው መቆየት አለበት።

ገዢ ወደ ካቢኑ የሚያስገባውን በር ጎንበስ ብሎ እንዲያየው የምመክረውም በዚህ ምክንያት ነው። በሩ የሚዘጋው ከላይ ወደ ታች በሚንሸራተቱ ሳንቃዎች ነው። ሳንቃዎቹ ቀጥ ባለች ጀልባ ላይ በክብደታቸው ተቀምጠው ይቆያሉ፤ ጀልባዋ ስትገለበጥ ግን ያው ክብደታቸው ከሚንሸራተቱበት ቦይ ያወጣቸዋል፤ ውኃውም በተከፈተው በር ይገባል። መፍትሔው ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት መቀርቀሪያና እያንዳንዱን ሳንቃ የሚይዝ አጭር ገመድ ነው፤ ወጪው ከጀልባዋ ዋጋ አንጻር የሚጠቀስ አይደለም። ባትሪው በጠንካራ ማሰሪያ፣ ምድጃው ከመወዛወዣው እንዳይወጣ በሚይዝ ብረት፣ ከመቀመጫ ሥር ያሉት ክዳኖች በመቀርቀሪያ መያዛቸውን አብሮ መፈተሽ ያሻል።

ባለ መሪው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ትንሽ ነው። በፀሐያማ ቀን አራት ሰው ሲጨናነቅበት ጉድለት ይመስላል፤ ሞገድ ሲሞላው ግን የሚይዘው ውኃ ጥቂት ስለሆነ የጀልባዋ ኋላ ለረጅም ጊዜ አይከብድም። መሪዋም ብቻዋን ተንጠልጥላ ሳይሆን ከፊቷ ባለ ቋሚ ክንፍ ተደግፋ የተሠራች ናት፤ በ1979 በርካታ ጀልባዎች መሪያቸው እንደተሰበረባቸው ሲታሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቶቿን መደበቅ አያስፈልግም። ካቢኑ ጠባብ ነው፤ ረጅም ሰው ወደ ፊት ሲሄድ አንገቱን ይደፋል፤ በዚህ ርዝመት ዛሬ የሚሠሩ ጀልባዎች የሚሰጡት የኋላ መኝታ ክፍል ፈጽሞ የለም። ጎኗ ከውኃው ብዙም ከፍ ስለማይል ወደ ነፋስ ስትሄድ ሞገዱን ከመውጣት ይልቅ እየሰነጠቀች ታልፋለች፤ ላይዋ ያለ ሰው በስብሶ ይውላል። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ደግሞ ከጎን ወደ ጎን ትወዛወዛለች። ለቅዳሜና እሑድ መዝናኛ በባሕር ዳርቻ ለሚመላለስ ቤተሰብ እኔ ይህችን ጀልባ አልመርጥለትም።

ከዘመናዊዎቹ ጋር የሚያወዳድር ሰው የአውሮፓን የጀልባ ምድብ ፊደሎች ያገኛል። «ኤ» የሚለው ከ4 ሜትር ለሚበልጥ ጉልህ የሞገድ ቁመት፣ «ቢ» እስከ 4 ሜትር፣ «ሲ» እስከ 2 ሜትር ላለው የተሰጠ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጉልህ የሞገድ ቁመት የሚባለው ከሞገዶቹ ከፍተኛ የሆነው አንድ ሦስተኛ አማካይ እንጂ ትልቁ ሞገድ ስላልሆነ፣ በዚያው ባሕር ላይ እጥፍ የሚሆን ሞገድ ሊመጣ ይችላል። ለ4.3 ቶን ጀልባ የ«ኤ» ምድብ የሚጠይቀው የመመለሻ ማዕዘን 121 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ መስፈርቱን በጭንቅ ያለፈች ጀልባና ከ150 ዲግሪ የምትመለስ ጀልባ አንድ ፊደል ሊለጠፍባቸው ይችላል፤ ፊደሉ ለገዢው ልዩነታቸውን አይነግረውም። ሻጩን የመመለሻ ኃይሏን መሥመር የሚያሳይ ሰንጠረዥ መጠየቅ ይሻላል።

አገልግሎት ላይ የቆየች ኮንቴሳ የሚገዛ ሰው ቀድሞ ማስመርመር ያለበት ደቀሉን የሚወጥሩትን የብረት ገመዶችና ከአካሏ ጋር የሚያያዙበትን ቦታ ነው። ደቀል ሸራ መስቀያ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያለው ክብደቱ ጀልባዋ በድንገት እንዳትዞር ያዘገያታል፤ ደቀሏ የተሰበረባት ጀልባም በሚቀጥለው ሞገድ ለመገልበጥ ትቀልላለች። ከዚያ ቀጥሎ የኋላ ማሰሪያዎቿን ይይ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዶናልድ ጆርዳን የነደፈው፣ በረጅም ገመድ ላይ መቶ ያህል ትናንሽ የጨርቅ ሾጣጣዎች የተደረደሩበት መጎተቻ ከኋላ ሲለቀቅ ጀልባዋ ጎኗን ለሞገድ እንዳትሰጥ ይይዛታል። ይሁንና የሚያርፍበት ጭነት ከጀልባዋ ክብደት ጋር ሊቀራረብ ስለሚችል፣ ለወደብ ገመድ ተብለው የተተከሉት ማሰሪያዎች አይበቁትም፤ ከኋላዋ ግራና ቀኝ ከአካሏ ጋር በብሎን የተያያዙ ወፋፍራም የብረት ሳህኖች ያስፈልጉታል።