ተጠንቀቁ፦ «23,000 ጊዜ ደገምንልሽ» የሚሉ የኦንላይን ፓንዲቶች

ሕንድም ዱባይም ያላችሁ እነዚህን ፓንዲት (የሂንዱ ካህን) ነን ባዮች ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ «ነፃ የኮከብ ምርመራ» ይላሉ። ቀጥሎ በዋትስአፕ «ማዳም፣ ሳዴ ሳቲ (የሳተርን ከባድ ጊዜ) ውስጥ ነዎት፣ ሻኒ ይዞዎታል፣ ካልተደገመልዎ ሥራዎም ትዳርዎም ያሰጋል» ይመጣል። ከዚያ የክፍያ ሊንክ፤ 11,001 ሩፒ። መጨረሻ ላይ ያለችው አንድ ሩፒ ለበረከት ናት።

እኔ የከፈልኩት ለሻኒ፣ ማለትም ለሳተርን ጃፓ (ማንትራ፣ የጸሎት ቃል ማስደገም) ነው። ማንትራው በሦስት ፓንዲት 23,000 ጊዜ ይደገማል፣ ሆማው (የእሳት መሥዋዕቱ) ይቃጠላል፣ ማስረጃ ቪዲዮ ይላካል ተባለ። ቪዲዮው ትናንት መጣ።

ከማንትራው በፊት ሳንካልፓ የሚባል ሥርዓት አለ፤ የሌላው ሁሉ መሠረት እሱ ነው። ፓንዲቱ በቀኝ መዳፉ ውኃ፣ ሩዝና አበባ ይዞ ቦታውን፣ የጨረቃ ቀኑን፣ የባለጉዳዩን ስምና ጎትራ (የዘር ሐረግ) ይጠራል፣ ለምን እንደሚደገም ይናገራል፣ ከዚያ ውኃውን ያፈሳል። እኛ ዘንድ የክርስትና ስም ሳይጠየቅ ጸሎት እንደማይያዝ ሁሉ፣ እዚያም ስሙ ካልተጠራ የተደገመው ለማን እንደሆነ አይታወቅም። ጎትራ የሌለው ሰው በካሽያፓ ጎትራ ይጠራል፤ ይህን የማያውቅ ፓንዲት የለም።

ሰውየው መዳፉን ዘረጋ። ዓይኑን አጠገቡ ወዳለው ስልክ ጣል አደረገና «ብሃራድዋጃ ጎትራ» አለ፤ ቀጥሎ ጥርት አድርጎ የአንድ ሕንዳዊ ወንድ ስም ጠራ። ውኃውን አፈሰሰ። አለቀ!

«ይሄ ስም የማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ በድምፅ መጣ፦ «ሻኒ ዴቭ ልብ ያያል እንጂ ስም አያይም። አንቺ ካላመንሽ ደግሞ አይሠራልሽም።» ከኋላው አንዱ እየሳቀ በሂንዲ «ሌላውን ላክላትና ዝም ትበል» ሲል ይሰማል። ድምፁን መቁረጥ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ምን ታመጣለች ብለው ነው። ሁለተኛው ቪዲዮ ያው ክፍል፣ ያው አበባ፣ ያው ሰውዬ ነው። ስሜ ሲጠራ ግን ድምፁ የሌላ ሰው ነው፣ የፓንዲቱ ከንፈር አይንቀሳቀስም።

ስሙ ትክክል ቢሆን ኖሮ እንኳ ቁጥሩ አይሞላም። «ኦም ፕራም ፕሪም ፕራውም ሳህ ሻናይሽቻራያ ናማሃ» ሳይዋጥ ሲባል 5 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በ23,000 ሲባዛ 115,000 ሰከንድ ነው፤ ወደ 32 ሰዓት። ለሦስት ቢካፈል ለእያንዳንዳቸው ከ10 ሰዓት በላይ ይደርሳል፣ ያውም ውኃ ሳይጎነጩ። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ሦስት ሰው በሁለት ሰዓት ቢበዛ 4,320 ጊዜ ይደግማል፤ ከተከፈለበት አንድ አምስተኛው እንኳ አይደለም።

መቁጠሪያውንም ተመልከቱ። ማላው 108 ፍሬ አለው፣ ከእነሱ ሌላ ያለችው አንዷ ትልቅ ፍሬ ሜሩ ትባላለች፣ አትቆጠርም፣ አትታለፍምም፤ እሷ ጋ ሲደረስ መቁጠሪያው ተገልብጦ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጠቋሚ ጣትም አይነካውም። 23,000 ለመሙላት 213 ዙር ያስፈልጋል። የእኔው ፓንዲት በጠቋሚ ጣቱ እየጎተተ ሜሩዋን ዝም ብሎ ይሻገራል። ሆማው ደግሞ ከተደገመው አንድ አሥረኛ ነው፣ 2,300 ጊዜ ወደ እሳት መጣል ማለት ነው፤ ለሻኒ የሚነደው የሻሚ እንጨት ነው። ከዚያ ታርፓና (ውኃ ማፍሰስ) 230፣ ማርጃና (ውኃ መርጨት) 23። ቪዲዮው ላይ የሚታየው አንድ ጭብጥ ጥቁር ሰሊጥ በአንዴ ሲጣል ነው።

ሐበሻ ከሆናችሁ ደግሞ ችግሩ የሚጀምረው ከትውልድ ቅጹ ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ ከሞላችሁ ሶፍትዌሩ ሌሊት 8 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ላግና የሚባለው የመውጫ ኮከብ በየሁለት ሰዓቱ ግድም ስለሚቀያየር፣ በ6 ሰዓት ስሕተት ሦስት ኮከብ ያህል ይዘላል። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ከገባ ጨረቃዋም ቦታዋ ላይ አትገኝም፤ ሳዴ ሳቲ የሚቆጠረው ደግሞ ከጨረቃ ነው። ቅጹ በሕንድ ሰዓት ከተተወ ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጨመርበታል። የሚያውቅ ኮከብ ቆጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። እነዚህ አንድም ቃል አልጠየቁም፣ ምክንያቱም መልሱ ከቅጹ በፊት ተዘጋጅቷል።

«ሻኒ ይዞሻል» ማለት ለምን እንደሚቀልላቸው ደግሞ እዩ። በቬዲክ ስሌት ሻኒ ማርች 29 ቀን 2025 (መጋቢት 20 ቀን 2017) ሑት ገብቷል። ስለዚህ ጨረቃቸው በደለው፣ በሑትና በሐመል የሆኑ ሁሉ ሳዴ ሳቲ ውስጥ ናቸው፤ ከ12 ኮከብ ሦስቱ። ዳይያ የሚባለውን ትንሹን ጊዜ ሲጨምሩበት ቀውስና አሰድም ይገባሉ። በግምት ቢናገሩ እንኳ ከ12 በአምስቱ ይገጥማቸዋል! ሳዴ ሳቲው ሰባት ዓመት ተኩል ነው፤ ሻኒ በ30 ዓመት ግድም አንዴ ስለሚዞር ዕድሜ የሰጠው ሁሉ ያየዋል። እርግማን አድርገው ይሸጡታል።

ሳልጨቃጨቅ ብቀር ኖሮ ቀጣዩ ተዘጋጅቶ ነበር፦ «በካሊ ዩጋ (ባለንበት ክፉ ዘመን) አራት እጥፍ ነው የሚደገመው፣ 92,000 ይሁንልሽ፣ ልዩነቱን ክፈይ»። አራት እጥፍ የሚለው ነገር በወጉ ውስጥ አለ፤ ግን ከመክፈል በፊት የሚነገር ነው እንጂ የመጀመሪያው ከተበላ በኋላ አይደለም።

ማስደገም የግድ ካላችሁ ሳንካልፓውን በቀጥታ ቪዲዮ ስማችሁ ሲጠራ ካልሰማችሁ አትክፈሉ። ለራስ መድገምም ይቻላል፤ ቅዳሜ አንድ ማላ 10 ደቂቃ አይፈጅም፣ ዋጋም የለውም። ሕንድ ውስጥ የተበላችሁ ቶሎ 1930 ደውሉ፣ የሸማቾች መስመሩ ደግሞ 1915 ነው። ከሌላ አገር በካርድ የከፈላችሁ ባንካችሁን ያዙ፣ ሁለቱንም ቪዲዮ አስቀምጡ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ «ጃፓው እንዲጸና» ብለው የኒላም (ሰማያዊ ሳፋየር) ቀለበት ፎቶ ላኩልኝ፣ 35,001 ሩፒ። የድንጋዩን የላቦራቶሪ ወረቀት ስጠይቅ ብሎክ አደረጉኝ።