ለታመመ የእግር ጡንቻ፦ በረዶ ወይስ ሙቀት?

በረዶ ይበልጥ የሚጠቅመው ጡንቻው በድንገት ተስቦ ማበጥ ሲጀምር ነው፤ ቅዝቃዜው የደም ሥሮችን አጥብቦ ሕመሙን ስለሚያደነዝዝ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዛል እንጂ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም። ሙቀት ግን ካልለመዱት ሩጫ ወይም ቁልቁለት በኋላ፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚበረታውና ደረጃ ሲወርዱ ጭንን ጨምድዶ ለሚይዘው ሕመም ይሻላል። የወጪ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የስኳር ሕመም እግራቸውን ያደነዘዘባቸው ሰዎች ሁለቱንም ያለ ሐኪም ምክር ባይሞክሩ ይመረጣል፤ በተለይ ሙቀቱ ሳይታወቃቸው ሊያቃጥላቸው ይችላል። ለመከላከል ከሆነ፣ ከሁለቱም ይልቅ እንቅስቃሴን ቀስ በቀስ መጨመር ይበልጣል። አንድ ባት ብቻ አብጦና ቀልቶ ከተገኘ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል፣ በረዶውም ሙቀቱም ቀርቶ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።